ያላደረ መሐላ

ዘይነዲን ስለ ዝናብ ሲጠየቅ እንኳ ይጠነቀቅ ነበር። ከአጋርፋ መለስ ካለችው መንደሩ ተነሥቶ፣ በአውቶቡስ ሮቤ፣ ከሮቤ በሚኒባስ ጎባ ደርሶ፣ ጋቢው ውሃ እያንጠባጠበ እኛ ቤት ሲገባ ባለቤቴ ወለተኢየሱስ «በእናንተ በኩል ዘነበ እንዴ፣ ኦቦ ዘይነዲን?» ትለዋለች።

«እኔ ላይ ዘንቧል» ይላል። «በእኛ በኩል መዝነቡን ግን ከወጣሁ ወዲህ አላየሁም።»

እሷ ትስቃለች። እሱ አይስቅም። የተጠየቀውን በልኩ መልሶ፣ ጋቢውን ደጅ ጨምቆ ይገባና ይቀመጣል።

ስለ እሱ ለመጻፍ ስነሣ በመጀመሪያ የመጣብኝ ይህ ነው። ትልቅ ሰው አልነበረም። ገብስና ስንዴ የሚያርስ፣ ጥቂት ከብት ያለው፣ ስሙ ከወረዳው ያላለፈ ገበሬ ነበር። ነበር እያልኩ መጻፌን አሁን አየሁት። አልሞተም፤ ባለፈው ወር እንኳ አይቼዋለሁ። ነገር ግን እኔ የማውቀው ዘይነዲን የለም፤ የቀረው በእሱ ጋቢ የሚዞር ሌላ ሰው ነው።

የተዋወቅነው ልጁ ኢፍቱ ጎባ ሁለተኛ ደረጃ ልትማር ስትመጣ ነው። እኔ ያኔ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር፤ ግቢያችን ውስጥ ለተማሪ የምናከራያት አንዲት ክፍል ነበረችን። «ጣሪያው ያፈሳል?» አለኝ። አያፈስም አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። ሌላ ቀን ዶፍ ሲወርድ መጣና ክፍሏ መሐል ቆሞ ወደ ላይ አንጋጦ ብዙ ቆየ። ከዚያ «አያፈስም» አለኝ፤ እኔ ያልኩት ነገር እውነት የሆነው ገና አሁን እንደሆነ ሁሉ። መቀየም ሲገባኝ ወደድኩት። ከዚያ ወዲህ «በርሲሳ» ይለኛል፣ አስተማሪ ማለቱ ነው፤ መንደሩም ሁሉ እሱን ተከትሎ በዚያው ይጠራኛል።

በመንደሩ የታወቀው በምስክርነቱ ነው። ሹመት አይደለም፣ የሚያገኝበት ነገርም የለም፤ ግን ኒካህ ሲታሰር፣ በሬ ሲሸጥ፣ ወሰን ሲለይ «ዘይነዲን ይቁም» ይባላል። ያየውን ይናገራል፤ ያላየውን አይጨምርም። አጋርፋ ገበያ ላይ ወንድሙ በሬ ሲሸጥ፣ ገዢው ወደ እሱ ዞሮ «ያነክሳል?» ቢለው፣ «ትናንት ቁልቁለት ሲወርድ አንክሷል፣ ዛሬ አላነከሰም» ብሎ ገበያውን አፈረሰው። ወንድሙ ዓመት ሙሉ አኮረፈው። ሚስቱ ሞሚና ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር የምታነሣው ነገር አላት፤ «እኔን ሲያጩለት 'ልጅቷ ቆንጆ ናት?' ብለው ጠየቁት። 'ከጎን ነው ያየኋት' አላቸው።»

«እውነት ነው» ይላል ዘይነዲን።

«አሁንስ? ከፊት አየኸኝ?»

«አሁን ዓይኔ ደክሟል።»

እንግዲህ ይህን ሰው አንድ የከብት መንገድ አጠፋው። ነገሩ እንዲህ ነው።

በደርግ ጊዜ ሰዉን ከየይዞታው አንሥተው በአንድ መንደር አስፍረውት ነበር። ያ ሲፈርስ ሁሉም ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ፤ ያኔ ሽማግሎች ተሰብስበው ወደ ሆራ የሚወስድ መንገድ አወጡ። ሆራ ከብት የሚያጠጡበት ጨዋማ ምንጭ ነው፤ ያን ውሃ በየጊዜው ያላገኘ ከብት ይከሳል፣ ወተቱም ይነጥፋል። የመንገዱን ስፋት በሜትር አልለኩትም። የሚሄድና የሚመለስ መንጋ ቀንድ ለቀንድ ሳይነካካ እንዲተላለፍ ብለው ገመድ ዘረጉ። ገመዱን የያዘው ዘይነዲን ነበር። የለኩት ሽማግሎች ከዚያ ወዲህ አንድ በአንድ አለፉ። የይዞታ ማረጋገጫ ሲሰጥ የየሰዉ ማሳ ተመዘገበ፤ የማንም ያልሆነውን መንገድ ግን «የእኔ ነው» ብሎ የሚያስመዘግብ አልተገኘም። ስለዚህ መንገዱ ሁለት ቦታ ብቻ ቀረ፤ መሬቱ ላይና በዘይነዲን ራስ ውስጥ።

ወዚር የዚያው መንደር ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ቢሮ ለቢሮ ከመንከራተት ትራክተር ገዛ፣ ቀጥሎ ኮምባይነር። ክፉ ሰው ነው ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። ትጉህ ነው፤ ሽማግሌ ሲያይ ከመቀመጫው ይነሣል፤ የመስጊዱን ጣሪያ ቆርቆሮ ያለበሰው እሱ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ማሳ ከየባለይዞታው ተከራይቶ ስንዴ ይዘራበታል። መንገዱ መሐል ለመሐል ይቆርጥበታል። ኮምባይነር ረጅም ማሳ ይወዳል፤ በዞረ ቁጥር ነዳጅ ይበላል፣ እህልም ይረግጣል። ስለዚህ በየዘሩ ወቅት በግራ አንድ ትልም፣ በቀኝ አንድ ትልም እየጨመረ መጣ። ጎን ለጎን ይሄዱ የነበሩት ከብቶች በሰልፍ መሄድ ጀመሩ። ሰዉ ሲጮህ «መንገድ ተብሎ የተሰጠ ነገር የለም፤ ያኔ አባቶቻችን ለአንድ በጋ ከብት አሳልፈው ነበር፣ ከዚያ በኋላ የቆየው በይሉኝታ ነው» አለ። ቀበሌው ማስረጃ ስለሌላችሁ በሽማግሌ ጨርሱ ብሎ መለሳቸው። ሽማግሎቹ ዘንድ ያለው አንድ ምስክር ነው፤ ምስክር አንድ ብቻ ሲሆን ደግሞ ይምላል።

የዚያ መንደር መሐላ የራሱ ሥርዓት አለው። የሚማለው ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ምሽት፣ ከመግሪብ ሰላት በኋላ፣ ደጅ ላይ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የሚምለው ሰው ፊት እንዲታይና ከሩቅ የመጣ ሽማግሌ በብርሃን እንዲመለስ። ምስክሩ ከተጣሉበት መሬት አፈር ዘግኖ ይናገራል። ነገሩ ግን በዚያ አያበቃም፤ መሐላው ማደር አለበት። በዚያች ሌሊት በቤቱ፣ በከብቱ፣ በሰማዩ ክፉ ነገር ካልታየ ጠዋት «መሐላው አደረ» ተብሎ ይዘጋል። ከታየ አላደረም፤ ቃሉም ይወድቃል።

የጨረቃ ግርዶሽ ጨረቃ ሙሉ ባልሆነችበት ቀን አይደርስም። ሌላ አገር፣ ግርዶሹ የሚመጣበትን ቀን ያወቀ ሰው በዚያ ዕውቀት ሌላውን ሊገዛ ቢፈልግ ብዙ መልፋት አለበት፤ ይተነብያል፣ ያስፈራራል፣ እጁን ወደ ሰማይ ይዘረጋል። ባሕር አቋርጦ የሄደ አንድ መርከበኛ የደሴት ሰዎችን እንዲህ አስደንግጦ ስንቅ እንዳወጣባቸው ተማሪ ሳለሁ አንብቤያለሁ፤ እነዚያ የዋሆች አሳዝነውኝ ነበር። እዚህ ግን ማስፈራራት አያስፈልግም። ሽማግሎቹ ራሳቸው ለመሐላ ሁሉ ከሙሉ ጨረቃ ጋር ቀጠሮ ይይዛሉ። ለሚያውቅ ሰው የሚቀረው ከወሮቹ መሐል አንዱን መምረጥ ነው።

መሐላው ለነሐሴ ጨረቃ ተቆርጦ ነበር። ወዚር ሚስቱን ለሕክምና አዲስ አበባ እንደሚወስድ ተናግሮ ለሚቀጥለው፣ ለጳጉሜው እንዲተላለፍለት ለመነ። ሽማግሎቹ ዘይነዲንን ጠየቁት።

«ይተላለፍ» አለ። «መንገዱ የትም አይሄድ።»

የ2017 ጳጉሜ በገባ በማግስቱ፣ እሑድ ቀን፣ ወደዚያው ሄድኩ። «ና፣ ከእኛ ወገን ያልሆነ ሰው አንድ ይኑር» ብሎ ዘይነዲን ጠርቶኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ደመና ዋለ፤ ወደ ማታ ተገለጠ። መሐላው የሚካሄደው በታላቁ ሽማግሌ በኦቦ ጫሊ ደጅ ነው። ወዚር ቀድሞ መጥቶ አጥሩን ተደግፎ ወደ ሰማይ ደጋግሞ ያያል።

«ዝናብ ፈርተህ ነው?» አልኩት።

«ስንዴ የሚዘራ ሰው ሰማይ ማየት አይተውም፣ ጋሼ» አለኝ ፈገግ ብሎ።

ጨረቃዋ በምሥራቅ፣ በጎሮ በኩል ወጣች፤ ሙሉ፣ ንጹሕ፣ በአጥሩ ላይ የተሰጣውን ልብስ ሳይቀር የምታሳይ። ዘይነዲን አፈሩን ዘግኖ ቆመ።

«ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለ። «መንገዱ ለሁሉም ከብት፣ ለሁልጊዜ ነው ሲሉ በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ። ወላሂ፣ ጨምሬም ቀንሼም እንደሆነ መሬቱ አይቀበለኝ።»

አፈሩን መሬት ላይ መለሰው። የወዚር ፊት ላይ ቁጣ አላየሁም። «አላህ ይቀበልዎት፣ አባባ» አለና ክንዱን ይዞ ወደ ገበታው መራው።

በቅቤ የታሸው የገብስ ጩኮ ቀርቦ፣ ወተት እየዞረ ሳለ ወተቱን የያዘችው ሴት ቆም አለች። ቀና ብላ ወደ ላይ አየች። ሰው ሁሉ እሷ ወዳየችበት ዞረ። ጨረቃዋ በአንድ ጎኗ ተነክሳለች።

እኔን ያስፈራኝ ጨረቃዋ ሳትሆን ዝምታው ነበር። ተነሥቼ «ግርዶሽ ነው» አልኩ። «ምድር ከፀሐይና ከጨረቃ መሐል ገብታ ጥላዋ አርፎባት ነው። ቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ከመሐላው ጋር አይገናኝም።»

«ልክ ናቸው» አለ ወዚር፣ ከሁሉ ፈጥኖ። «የተፈጥሮ ነገር ነው። ኧረ ተዉ፣ ሽማግሌውን እንዲህ አትዩዋቸው። አባባ ዘይነዲን ዋሹ ያለ ማንም የለም።»

በእርግጥም ያለ አልነበረም። እሱ እስኪለው ድረስ ያ ቃል በግቢው ውስጥ አልነበረም።

ከመስጊዱ የግርዶሽ ሰላት ጥሪ ተሰማ፤ ወንዶቹ ሄዱ። እኔ ውጭ ቆሜ በድምፅ ማጉያው የሚመጣውን አዳመጥኩ። ወጣቱ ኢማም ከሰላቱ በኋላ ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ምልክቶች መሆናቸውን፣ በማንም ሰው ሞት ወይም ሕይወት ምክንያት እንደማይጋረዱ አስተማረ። በኦሮምኛ ሲናገር ቋንቋውን በደንብ የማያውቅ ሰው እንኳ የሚገባው ዓይነት አነጋገር ነበረው፤ እኔ ከተናገርኩት ይልቅ የጠራ። ሲወጡ ጨረቃዋ ሙሉ በሙሉ ተውጣ እንደ አሮጌ ሸክላ ቀልታለች። እያንዳንዱ በሩን ሲሻገር መጀመሪያ ወደ ላይ አየ፣ «ሱብሃነላህ» አለ፣ ቀጥሎ ዓይኑን ወደ ዘይነዲን መለሰ።

እሱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያጠልቅ ነበር። የሚያዩትን አየ። ምንም ነገር የማያመልጠው ሰው ያችን ብቻ እንዴት ያመልጠዋል?

እሱ ዘንድ አደርኩ። ቤት እንደገባን ስልኩ ጮኸ፤ ኢፍቱ ናት፣ ብድሬ ከተማ በነርስነት የምትሠራው። ጆሮው ስለከበደ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ ሁላችንም ሰማን። ወሬው እሷም ዘንድ ደርሷል። ጤናውን ከጠየቀች በኋላ ስለ ግርዶሹ አስረዳችው፣ ከእኔ በተሻለ።

«ጥላ ነው፣ አባ። እንዳትጨነቅ።»

«አልተጨነቅኩም።»

«ግን አባ» አለች፤ «ስለ መንገዱ እርግጠኛ ነህ አይደል?»

ዘይነዲን ስልኩን ከጆሮው አርቆ አየው። መልሶ ወደ ጆሮው አስጠጋው። ልጁ ተወልዳ እስክታድግ «ይህን በእርግጥ አይተሃል?» ብላው አታውቅም ነበር። ሞሚና ከእጁ ወስዳ «አባትሽ ደክሞታል» አለቻትና ዘጋችው።

ጠዋት ሽማግሎቹ ተቀመጡ። ሥርዓቱ የሚጀምረው በጥያቄ ነው። ኦቦ ጫሊ ጠየቁት፤ «ዘይነዲን፣ በቤትህ፣ በከብትህ፣ በሰማይህ ምን አየህ?»

የዚህ ጥያቄ መልስ «ሰላም» ነው። ከጥንት ጀምሮ ያው ነው፤ ጥጃ የሞተበት ሰው እንኳ አንዳንዴ ሰላም ብሎ ያልፋል፣ ሽማግሎቹም እያወቁ ያልፉታል። የምትፈለገው አንዲት ቃል ነበረች። በልቤ በላት፣ በላት እለዋለሁ።

«ቤቴ ሰላም ነው» አለ ዘይነዲን። «ከብቱም ሰላም ነው። ጨረቃዋ ስትጠቁር፣ ኋላም ስትቀላ አይቻለሁ።»

አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ወዚር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለመናገር ፈቃድ ጠየቀ።

«አባቶቼ፣ ይህን ምልክት እንዳታደርጉት፤ በርሲሳም ነግረውናል፣ ኢማሙም ነግሮናል። እኚህ ሰው ዋሽተው አያውቁም። እኔ የምለው ብዙ ዘመን አልፏል ነው። ገመድ መያዛቸውን ያስታውሳሉ፤ የተባለውን ግን፣ ያው ሰው ነን፣ እንረሳለን። ረሱ ማለት ዋሹ ማለት አይደለም።»

የተቀመጠው ሰው ሁሉ ትከሻው ሲላላ አየሁ። የፈለጉት በር ተከፈተላቸው። ሐሰተኛ ሳይሉት፣ ጨረቃን በምክንያትነት ሳይጠሩ፣ ነገሩን መዝጋት ይቻላል። ኦቦ ጫሊ በለዘበ ድምፅ «ረስተህ ሊሆን ይችላል?» አሉት።

ዘይነዲን ማታ አፈር የዘገነበትን እጁን ገልብጦ አየ።

«ሰው ይረሳል» አለ። «አልረሳሁም ለማለት የረሳሁትን ማወቅ አለብኝ። እሱን አላውቅም።»

«እና ሊሆን ይችላል?»

«ሊሆን ይችላል።»

መሐላው አላደረም ተባለ። ሞሚና ሴቶቹ ከቆሙበት «አንተ ሰውዬ» አለች።

አዲስ ዓመት ሳይገባ ትራክተሩ መጣ። ይህን እኔ አላየሁም፤ ሞሚና ናት የነገረችኝ። ሲንቄዋን፣ ስታገባ ከእናቷ የተቀበለችውን ቀጭን በትር፣ ከተሰቀለበት አውርዳ መንገዱ ላይ ቆመች። በዚያ አገር ሲንቄ የያዘች ሴት ፊት ወንድ አይራመድም፤ አንዷ ወጥታ ስትጣራ ደግሞ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ በትራቸውን ይዘው መውጣት አለባቸው። ተጣራች። ወዚር ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ራቅ ብሎ ቆመ። የበትሯን ክብር አላጎደለም። ሴቶቹ ግን አልወጡም። አንዲት ጎረቤት ብቻ ከአጥሯ ላይ ሆና «ምን ብለን እንውጣ እህቴ? ባልሽ ራሱ ሊሆን ይችላል ብሏል» አለቻት። ሞሚና ብቻዋን ቆማ ዋለች። አመሻሽ ላይ ዘይነዲን መጣ፤ በትሩን ከእጇ ተቀበለና ወደ ቤት ይዟት ገባ። ከኋላቸው ሞተሩ ሲነሣ ሰሙት።

ወዚርን ያገኘሁት በመስከረም፣ ሮቤ ነው። ኮምባይነሩ ጋራዥ ገብቶ ማጨጃው ተፈቶ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ወንበር አስመጣልኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። በቀጥታ ጠየቅኩት።

«ታውቅ ነበር?»

«የቱን፣ ጋሼ?»

«የጳጉሜውን ግርዶሽ።»

አልደነገጠም። «ስልክ ላይ እኮ አለ። የሚመጡት ዓመታትም ጭምር አሉ፤ ከፈለጉ ላሳይዎት።»

«ለዚህ ነው ያስተላለፍከው።»

«ሚስቴን አዲስ አበባ ወስጃታለሁ። ይጠይቋት።» እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እርስዎ ራስዎ ምን አሉ? ጥላ ነው አሉ። እኔም ጥላ ነው አልኩ። ኢማሙም ያንኑ አለ። ከእናንተ የተለየ ምን ተናገርኩ? ጥላ ሰው ይጎዳል እንዴ፣ ጋሼ?»

ሻዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። የዋሸው ነገር የለም። የተናገረው ሁሉ፣ ቃል በቃል ቢመረመር፣ ልክ ነው። እያንዳንዱን እውነት በሚጠቅመው ሰዓት አወጣው እንጂ አንድም ሐሰት አልጨመረበትም። ሕግም ሃይማኖትም የሚይዙት የዋሸን ነው።

«ደመናው ባይገለጥስ ኖሮ?» አልኩት።

«መንገዱ ባለበት ይቀር ነበራ። እኔ ሁሌም የምዘራው በዕድል ነው።» ሳቀ፤ ክፋት የሌለበት ሳቅ ነበር።

ኦቦ ጫሊ ዘንድ ሄጄ የሰማሁትን ነገርኳቸው። ከቤታቸው ፊት ለፊት አዲስ የታረሰውን መሬት እያዩ አዳመጡኝ።

«ጥላ መሆኑን ማናችን አጣነው፣ በርሲሳ? የልጅ ልጆቼ በዚያን ዕለት ጠዋት ነግረውኛል፤ ማታ ጨረቃ ትጋረዳለች ብለው።»

«ታዲያ ለምን ቀኑን አላዛወራችሁም?»

«ቃሉ እውነት ከሆነ ጥላ ምን ያደርገዋል ብዬ» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ «የእኔም ማሳ በእሱ ትራክተር ነው የሚታረሰው። የማን አይታረስም?» አሉ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ይህ ነው። የእነዚያ የደሴት ሰዎች መታለል ይገባኛል፤ አያውቁም ነበር። በኦቦ ጫሊ ግቢ ግን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ጨረቃዋ ማንንም አላስፈራራችም። ለማድረግ የሚፈልጉትን፣ ግን በጠራ ብርሃን ያፈሩበትን ነገር እንዲያደርጉ ለጥቂት ሰዓት ጨለማ ሰጠቻቸው። ዕውቀት ሰውን ነጻ ያወጣል ሲሉ ስንቴ ሰማሁ፤ ራሴም ስንቴ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ብያለሁ። ሰው ለማወቅ ከፈለገ ነው ለካ። ለማወቅ መፈለግን ደግሞ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አላየሁም።

የቀረኝ ዘይነዲን ነበር። እሱ እንኳ ይወቅ ብዬ ሄድኩ። በረቱ ደጃፍ ተቀምጦ ያረጀ ገመድ ጫፍ እየቋጠረ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል፣ ወይም ይቀልለዋል ብዬ ነበር።

«ወዚር ቀኑን መረጠ እንበል» አለ። «ይህ እኔ ያኔ በትክክል መስማቴን ያሳያል?»

«መስማትህን እኮ አንተ ታውቃለህ።»

«አውቅ ነበር።» ገመዱን ጭኑ ላይ አስቀመጠው። «አሁን ያን ቀን ሳስበው ገመዱ ይታየኛል። ሽማግሎቹ ይታዩኛል። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፃቸው ግን አይመጣልኝም። በፊት ይሰማኝ ነበር። ወይም ይሰማኝ የነበረ ይመስለኛል።»

«ዘይነዲን፣ ይህ እኮ የእሱ ሥራ ነው።»

«ይሆናል» አለ። «አላየሁትም።»

ከዚያ ወዲህ ምስክር ሆኖ አይቆምም። ኒካህ ላይ ሲጠሩት ከኋላ ይቀመጣል፤ ስሙ ሲነሣ ወደ መሬት ያያል። የሚጠሩትም እየቀነሱ ሄዱ። ኅዳር ላይ ጎባ መጣ። ጋቢው ርሷል፣ ጺሙ ላይ ውሃው ይንጠባጠባል። ወለተኢየሱስ የለመደችውን ጨዋታ ልታመጣ «ዘነበ እንዴ፣ ኦቦ ዘይነዲን?» አለችው።

«እንጃ» አለ።

ሳቀች። ከዚያ ፊቱን አየችውና ሳቋን ውጣ ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ አብሬው ወደ መንደሩ ሄድኩ። ስንዴው ወገብ ደርሷል፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ማሳ ሆኗል፣ ነፋስ ሲነካው ሁሉም አብሮ ይተኛና አብሮ ይነሣል። ወዚር ጥሩ ገበሬ መሆኑን አልክድም። ወደ ሆራ የሚሄድ ሰው አሁን ከብቱን በኮረብታው ዙሪያ ግማሽ ቀን ይነዳል፤ የሰለቸው ሸጦ ተገላግሏል። ዘይነዲን የቀሩትን ከብቶቹን አውጥቶ ነዳ፤ ተከተልኩት። ከፊት የምትመራው ያረጀች ቀይ ላም ነበረች። ማሳው ጥግ ስትደርስ፣ ግንድም ድንጋይም ምንም ምልክት በሌለበት ቦታ ላይ፣ ቀጥ ብላ ወደ ስንዴው ታጠፈች። ሌሎቹ ተከተሏት። በሰልፍ አልሄዱም፤ ተዘርግተው፣ ጎን ለጎን፣ ቀንድ ለቀንድ ሳይነካኩ ገቡ።

«እያቸው» አልኩት። «ዘይነዲን፣ እያት። እሷ አልረሳችም።»

ቆሞ አየ። ያኔ አንጋጦ የኢፍቱን ክፍል ጣሪያ ሲያይ የነበረው ሰው ለአፍታ ፊቱ ላይ መጣ። ከዚያ በትሩን አንሥቶ ወደ ስንዴው ሮጠ። ከብት ሲመታ አይቼው አላውቅም። ግንባሯን መታት፣ ደግሞ መታት፣ እስክትዞር ድረስ መታት። ላሟ ዓይኗን ጨፍና ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ ሌሎቹም ዞረው ወደ ኮረብታው ወጡ።

«ተሳስታለች» አለኝ እያለከለከ። «እዚህ መንገድ አልነበረም።»

በትሩን ጣለ። ጎንበስ ብሎ ከብቶቹ የረገጡትን የወዚርን ስንዴ፣ አንድ በአንድ፣ በእጁ ያቃና ጀመር።